ፒኤችዲ የሰራንበት 5 አመት ስራ ካልሆነ ምን ነበር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ሳነብ አመታት ሆኖኛል፣ ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እንድጽፍ ያረገኝ ባለፈው ሳምንት የደወለችልኝ አንድ ልጅ ናት። በእጽዋት ሳይንስ ፒኤችዲዋን (ዶክትሬቷን) ጨርሳ ዲፌንስ፣ ማለትም ስራዋን ፈታኞች ፊት ቀርባ ምታስረዳበትን ቀን፣ እየጠበቀች ነው፣ እና ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ፣ «እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ካልቀጠረኝ እኔ ምን ሰርቼ ልበላ ነው?» አለችኝ። የምችለውን መለስኩላት ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስገላበጥ ነው ያደርኩት፣ ምክንያቱም እኔም በ2016 ይቺኑ ጥያቄ ይዤ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ፣ ያኔ ምጠይቀው ሰው እንኳን አልነበረኝም።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ሞላሌ ነው የተወለድኩት፣ አባቴ ገበሬ ነው። ፒኤችዲዬን የሰራሁት በእጽዋት በሽታ ነው፣ ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ሚያውቀው ቆርምድ ላይ። ለማታውቁት፣ ቆርምድ የባቄላ በሽታ ነው፣ ቅጠሉ ላይ መጀመሪያ እንደ ትንሽ እባጭ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል ከዛ ይጠቁርና ተክሉ ባለበት ይኮማተራል፣ ብርድና እርጥበት ሲመቸው ማሳውን እንዳለ ይወስደዋል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስንቱን ቤት ባቄላ አሳጥቶታል። መንስኤው መጀመሪያ ኦልፒዲየም ሚባል ፈንገስ ነው ሲባል ቆይቶ ኋላ በዘረመል ምርመራ ፊዞደርማ ሚባል ሌላ ፈንገስ ነው ተብሏል። እናቴ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን «ያ ባቄላችንን የበላው» ነው ምትለው፣ እኔም በሱ ላይ ልሰራ የተነሳሁት በሷ ማሳ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እነዛ 5 አመታት ውስጥ ምን ስሰራ እንደነበር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፒኤችዲ ሲባል ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መጽሀፍ ማንበብ ይመስለዋል። ባሶና ወራና፣ አንኮበርና ጣርማ በር ላይ የሙከራ ማሳ ነበረኝ። ክረምቱን ሙሉ በቦቲ ጫማ ጭቃ ውስጥ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ እያንዳንዱ ፕሎት (የሙከራ መደብ) ላይ 10 ተክል መርጬ ቅጠል እቆጥራለሁ፣ የጀርባ መርጫ ተሸክሜ ኬሚካል እረጫለሁ፣ የቀን ሰራተኛ ቀጥሬ ከፍያለሁ፣ ፊርማ አስፈርሜ ሂሳብ አወራርጃለሁ፣ የፕሮጀክቱ ብር አንድ ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም። ገበሬዎቹን ማሳችሁ ላይ ልሞክር ብዬ ማሳመኑ ራሱ ስንት ቀን ይፈጃል፣ አንድ አባት አንኮበር ላይ «ልጄ፣ አንቺ ምትሞክሪው በኔ አመት ላይ ነው» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ካበላሸሁት እሳቸው ናቸው ሚራቡት፣ ከዛች ቀን ጀምሮ ማንንም ገበሬ ስለ ኪሳራው ሳልነግረውና ሳልስማማ አንድ መደብ ነክቼ አላውቅም።

በ2014 ህዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ የጣርማ በሩ ባቄላ ደርሶ ለአጨዳ ቀናት ነበር የቀሩት። መሄድ አልተቻለም። ማሳውን ሚጠብቅልኝ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሲወጣ የሜዳ ደብተሬን ከስንቁ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፣ ምርቱ ቀረ ደብተሩ ግን ተረፈ። በተረፈው ደብተርና በሁለቱ ማሳ ዳታ ሂሳቡን እንደገና ከዜሮ ሰራሁት፣ አር በሚባለው ሶፍትዌር፣ መብራት ሲኖር በቀን ሲጠፋ በሌሊት። ይሄን ሁሉ ምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ስራ እንደነበር እንድታዩልኝ ነው።

ከጨረስኩ በኋላ ነው ሌላው ፈተና የመጣው። እዚ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ፒኤችዲ ሚማሩት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ማእከል ሰራተኞች ናቸው፣ ውል ፈርመው ይማራሉ ሲጨርሱ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። እኔ ግን በፕሮጀክት ገንዘብ ነው የተማርኩት፣ ወር በወር ትንሽ የኪስ ይሰጠኛል፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የኔም ነገር አብሮ ተዘጋ። ሶስት ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ፣ ሶስቱም በዚህ አመት ቅጥር የለም አሉኝ። ስለዚ ፊቴን ወደ ፋብሪካና ወደ ግል ድርጅት አዞርኩ። ደብረ ብርሃን እኮ የድሮዋ አይደለችም፣ በፊት የብርድ ልብስ ፋብሪካው ነበር ስሟ፣ አሁን ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ ሀበሻና ዳሽን፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል፣ ምግብ ሚያቀናብረው ውሃ ሚያሽገው ሌላውም ብዙ ነው። እዚ ሁሉ ውስጥ ላብ (ላብራቶሪ) አለ፣ ላብ ባለበት ለኔ አይነት ሰው ስራ አይጠፋም ብዬ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ የሆነውን እስካሁን አልረሳውም። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም ጥላቻም የለኝም። የሰው ሀይል ሀላፊዋ ጨዋ ሴት ናት፣ ፋይሌን ከፈት አርጋ ገጹን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «የስራ ልምድ ማስረጃሽ የታለ?» አለችኝ። የፒኤችዲ ስራዬን አሳየኋት። «እሱ ትምህርት ነው፣ እኔ ምልሽ የስራ ግብር የተከፈለበት የልምድ ደብዳቤ ነው» አለች። ከግል ድርጅት ሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት ካልሆነ አይያዝም ሚለውን ቫካንሲ ላይ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የኔ የኪስ ገንዘብ ደግሞ ደሞዝ አይደለም፣ ግብር አይቆረጥበትም፣ ስለዚ ልምድ አይደለም። ፎርሙ ላይ «የስራ ልምድ» ሚለው ሳጥን ውስጥ በእስክሪብቶ 0 ብላ ጻፈች። ክብ አድርጋ ነው የጻፈችው። 5 አመት ሙሉ ዝናብ ሲመታኝ ከርሞ ያቺን ዜሮ ሳያት ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ቆመብኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ነው የገጠመኝ። ሚፈልጉት ቢኤስሲ (የመጀመሪያ ዲግሪ) ያለውና 2 አመት የሰራ ነው። ማናጀሩ ራሱ ነበር ያናገረኝ፣ «እህቴ አትከፊብኝ፣ አንቺ ትበዢብናለሽ፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራሽ ጥለሽን ትሄጃለሽ» አለኝ። እንግዲህ አንዱ ጋ ዜሮ ነኝ ሌላው ጋ እበዛለሁ። ከዛ በኋላ ሳስበው ግን የማናጀሩ ስጋት መሰረት የለውም ማለት አልችልም፣ ስድስት ወር ሰርተው የሄዱ እንዳሉ በኋላ ሰምቻለሁ፣ ሰው አሰልጥኖ ማጣት ያማል። ግን ሳይጠይቁኝ መሄዴን ወሰኑልኝ፣ እኔ እዚሁ ቤት ተከራይቼ እናቴን እያስታመምኩ እንደሆነ፣ ከደብረ ብርሃን መራቅ እንደማልፈልግ፣ ማንም አልጠየቀኝም። በኬሚስትሪ ፒኤችዲ ያለው አንድ ጓደኛዬ በመጨረሻ ዲግሪውን ከሲቪው ላይ አጠፋው፣ ማስተርስ ብቻ ብሎ ገባ፣ አሁን ይሰራል። በሰራተኞቹ ፊት አንድ ቀን ሰው ዶክተር ብሎ እንዳይጠራው ይሰጋል። ሰው ከሌብነት እንጂ ከድካሙ ለምን ይደበቃል? ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

እናቴ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሞላሌ ላይ «ልጅሽ ዶክተር ሆነች አይደል» እያሉ የታመመ ልጅ ይዘው ሚመጡ ጎረቤቶች ነበሩ፣ የባቄላ ነኝ ብሎ ማስረዳቱ አንድ ነገር ነው፣ «ታዲያ የት ነው ምትሰሪው?» ሲባል መልስ ማጣቱ ግን ሌላ ነው። እማዬ አንድ ቀን ቡና እያፈላች ቀስ ብላ «ልጄ፣ ትምህርቱ ገና ነው እንዴ?» አለችኝ። አላለቀም ብላ ብታስብ ይሻላታል ብዬ ዝም አልኩ።

እና ስራ እንዴት አገኘሁ? በአጎቴ ገብስ ነው። ይሄን ትንሽ ዘርዘር አርጌ ልንገራችሁ።

አጎቴ ባሶና ወራና ውስጥ የቢራ ገብስ ያመርታል። ታህሳስ 2017 ላይ 14 ኩንታል አስጭኖ እህል ሚሰበስብ አንድ መጋዘን ወሰደ፣ እኔም ስራ ስለሌለኝ አብሬው ሄድኩ። ለቢራ ሚሆን ገብስ እንደ ምግብ ገብስ በአይን ታይቶ ብቻ አይገዛም፣ ብቅል ሚሆነው ሲበቅል ነው፣ ስለዚ ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95 እና ከዛ በላይ መብቀል አለበት፣ ፕሮቲኑም ከ12 ከመቶ እንዳያልፍ እርጥበቱም ከ13 እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ሳምፕል ተወሰደና ከሶስት ቀን በኋላ ኑ ተባልን። ስንመለስ ውጤቱ 84 ነው አሉት። አይበቅልም፣ አንወስድም። አጎቴ ወደኔ ዞሮ «ልጄ፣ ገብሴን ሞተ አሉት» አለኝ። ድምጹ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በምግብ ገብስ ዋጋ ቢሸጠው ለማዳበሪያ የተበደረውን እንኳን አይከፍልለትም።

እኔ ገብስ ተምሬ አላውቅም፣ ሙያዬ ባቄላ ነው። ግን አጎቴ ያን ገብስ በደረቅ አጭዶ በደረቅ እንደወቃው በአይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚ 84 ሚለው ቁጥር ከየት መጣ ሚለው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ፍተሻውን ሚሰራው ልጅ በቅርቡ የተመረቀ ትሁት ልጅ ነው፣ ክፍሉን ብታሳየኝ ብዬ ለመንኩት አሳየኝ። ሁሉን በስርአቱ ሰርቷል፣ ፔትሪ ዲሽ ሚባለው ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን፣ ሁለት የማጣሪያ ወረቀት፣ 100 ፍሬ፣ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 72 ሰአት። ክፍሉ ግን ቆርቆሮ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በታህሳስ ሌሊት ውርጩ ሳሩን ነጭ አርጎት ነው ሚያድረው፣ ያ ፍተሻ ደግሞ በ20 ዲግሪ አካባቢ ነው መሰራት ያለበት። ቦርሳዬ ውስጥ ከሜዳ ስራዬ የቀረች ቴርሞሜትር ነበረች፣ እዛው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በማግስቱ ጠዋት መጥቼ ሳያት 9 ዲግሪ ላይ ናት። ገብሱ አልሞተም፣ በርዶት ዘግይቷል እንጂ፣ በሶስት ቀን ሚወጣው ስር በብርድ አምስትና ስድስት ቀን ይፈጅበታል።

ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምኜ አመጣሁ፣ ውስጡን በጋዜጣ ደረብኩት፣ አንድ የድሮ 40 ዋት አምፖል አንጠለጠልኩበት፣ ክዳኑን በመክፈትና በመዝጋት ሙቀቱን 20 ላይ እስኪረጋ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ልጁም አብሮኝ ቁጭ አለ። ከአጎቴ ገብስ ሁለት ዲሽ፣ ከሌላ ውድቅ ከተደረገ ገብስ ሁለት ዲሽ አስገባን። ሌላም አንድ ነገር ጨመርኩ፣ አዲስ የታጨደ ገብስ ለሳምንታት የሚተኛበት ጊዜ አለው፣ በህይወት እያለ አልበቅል ይላል፣ የተኛውን ከሞተው ለመለየት 0.75 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ሚዘፈዘፍበት መንገድ አለ፣ እሱንም ከፋርማሲ ገዝቼ አቅጥኜ ጎን ለጎን ሰራሁት። በሶስተኛው ቀን ካርቶኑን ስንከፍት ነጫጭ ስሮቹ ወጥተው ወረቀቱ ላይ ተጠማዘዋል። ልጁ ነው የቆጠረው፣ እኔ አልነካሁም። የአጎቴ 97 እና 96። የሌላው ሰውዬ ገብስ አንዱ 95 አንዱ 71 ወጣ፣ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ አላመንኩትም፣ ፐርኦክሳይዱን ስናይ ግን እሱም በህይወት አለ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ሞክሩት አልኳቸው።

የመጋዘኑ ሀላፊ ወረቀቱን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዛ «በዚህ ወር ስንት ገብስ መልሰናል?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ለኔ ደግሞ «ምን ስራ ነው ምትሰሪው?» አለኝ። ስራ የለኝም አልኩት። ምን እንደተማርኩ የጠየቀኝ ውጭ ስንወጣ ነው፣ ከዲግሪው በፊት ስራውን ስላየ። በሶስት ወር ኮንትራት ጀመርኩ፣ አሁን የጥራት ቁጥጥሩን እኔ ነኝ ምመራው።

ይሄን የምተርከው ፒኤችዲ ያለው ሰው ሁሉን ያውቃል ለማለት አይደለም፣ ያ ልጅ ከኔ ይልቅ የገብስ ዝርያ ያውቃል፣ ሆልከር የቱ ነው ትራቭለር የቱ ነው በአይኑ ይለያል። እኔ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ቁጥር ሲሰጠኝ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ፣ በምን ሁኔታ ተለካ፣ ደግሜ ብለካው ይደገማል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ እሱን ደግሞ ባቄላ ውስጥ ነው የተማርኩት። ሰው ስለ ዶክትሬት ሲጠይቅ ርእሱን ነው ሚጠይቀው፣ ቆርምድ ለቢራ ምን ይረባል ይላል፣ እኛም ስንመልስ ርእሱን ነው ምንመልሰው። የኔ የመጀመሪያ ሲቪ 9 ገጽ ነበር፣ የመመረቂያው ርእስ ብቻውን ሶስት መስመር፣ ከዛ የታተሙት ጽሁፎች፣ ከዛ የተካፈልኩባቸው ወርክሾፖች። ሀላፊዋ ያንን አንብባ ዜሮ ብትጽፍ በሷ ብቻ መፍረድ ይከብደኛል፣ እኔ ራሴ ስራዬን በስራ ቋንቋ አልነገርኳትም። አሁን ያለኝ 2 ገጽ ነው፣ ስንት ፕሎት እንደመራሁ፣ ስንት ሰው በቀን እንዳሰራሁ፣ ስንት ብር እንዳወራረድኩ፣ ምን ማሽን በእጄ እንደነዳሁና ሲበላሽ ምን እንዳረኩ ነው ያለው፣ ርእሱ አንድ መስመር ነው። ፒኤችዲ ላይ ያላችሁ ይሄን ዛሬውኑ ጻፉት፣ በኋላ ይረሳል፣ እኔ ግማሹን የማስታወሰው ያ ልጅ በፌስታል ባመጣልኝ ደብተር ነው።

ነገር ግን ሲቪ ማሳጠር ብቻውን ያቺን ዜሮ አያጠፋትም። ዋናው ምለምነው ይሄ ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመረቁ የፒኤችዲ ተማሪዎች ከዲግሪውና ከውጤት ወረቀቱ ጋር የስራ ዝርዝር ደብዳቤ ይስጡልን። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንዲህ አይነት ምርምር ላይ በሙሉ ጊዜ ሰርታለች፣ እነዚህን መሳሪያዎች ተጠቅማለች፣ ይሄን ያህል ሰው አስተባብራለች፣ ማህተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። አማካሪያችን ያውቀዋል፣ ወጪው አንድ ወረቀት ነው። ቀጣሪዎችም የግብር ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ አትጣሉት። ግብሩ የተጠየቀው ሰው ያልሰራበትን ልምድ በደብዳቤ እንዳያጽፍ ለመከላከል መሆኑ ይገባኛል፣ ተገቢም ነው፣ የኛን ስራ ግን ማጣራት ከዛም ይቀላል፣ ስራችን ታትሞ ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጧል።

በሌላው አለም ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በሳይንስ ፒኤችዲ ከሚጨርሱት ከግማሽ በላይ የሆኑት ወዲያው ከሳይንስ ውጪ ወዳለ ስራ እንደሚሄዱ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰር ሚሆነው ከ200 አንድ እንኳን እንደማይሞላ አሳይቷል። በዴንማርክ የፋብሪካ ፒኤችዲ ሚባል አለ፣ ተማሪው ሶስቱን አመት የድርጅቱ ተቀጣሪ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ተመዝግቧል፣ ሲጨርስ ልምድ አለህ ወይ ብሎ ሚጠይቀው የለም። እዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የግብርና ምርምር ማእከሉ አለ፣ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ከአንዱ አንዱ በባጃጅ ሚደረስ ነው፣ አንድ ተማሪ ስድስት ወሯን ፋብሪካ ላብ ውስጥ ብታሳልፍ ምን ይከለክላል?

ሩቅ አገር ሳንሄድም አለ። የሸዋው ልጅ ዶክተር መላኩ ወረደ ከአሜሪካ ነብራስካ በእጽዋት ዘረመል ፒኤችዲያቸውን ይዘው መጥተው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጽዋት ዘረመል ማእከሉን መሩ፣ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው አተረፉ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ ሚባለውን አለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ያን ስራ ሌክቸር አዳራሽ ውስጥ ሆነው ሊሰሩት አይችሉም ነበር። ልጆቻችን ፒኤችዲ ማለት ማስተማር ብቻ ነው ብለው ሲያድጉ የሳቸው መንገድ አይነገራቸውም።

ስራውም ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እኛ አሁን ከቆላው ሚመጣ በርበሬም እንገዛለን። አውሮፓ ለሚሄድ በርበሬ አፍላቶክሲን ቢ1 ሚባለው የሻጋታ መርዝ በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም፣ ድምሩ ደግሞ ከ10 ማለፍ የለበትም፣ ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ አንድ የሻገተች ዛላ ውስጥ ተከማችቶ ሌላው ንጹህ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ አንድ እፍኝ አንስተህ ብትልክ ያልፋል፣ ወደብ ላይ ሲፈተሽ ይወድቃል። ከስንት ጆንያ፣ ከየት ከየት፣ ስንት ኪሎ ተወስዶ እንዴት ተፈጭቶ እንደሚቀላቀል ማሰብ ነው ስራው፣ ያ ደግሞ እኔ ማሳ ላይ 10 ተክል ስመርጥ ስጨነቅበት የኖርኩት ነገር ነው። መጨረሻውን ለመለካት ሳምፕሉን 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ነው ምንልከው። እዚሁ አይኤስኦ 17025 በሚባለው የላብራቶሪዎች አለም አቀፍ መስፈርት እውቅና ያለው ላብ ማቋቋም ቢታሰብ ዘዴውን ሚያረጋግጡ፣ የልኬት ስህተቱን ሚያሰሉ ሰዎች ይፈለጋሉ፣ እነሱ ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለዋል፣ ወይ ዲግሪያቸውን ደብቀው እየሰሩ ነው።

ባለፈው ወር ድርጅታችን ሁለት የጥራት ባለሙያ ሊቀጥር ማስታወቂያ ሲያዘጋጅ አንድ አረፍተ ነገር እንዲገባ ጠየኩ፣ «በማስተርስና በፒኤችዲ ምርምር የተሰራበት ጊዜ በተቋሙ ደብዳቤ ከተረጋገጠ እንደ ስራ ልምድ ይያዛል» ሚል። ሀላፊው ትንሽ አሰበበት፣ ያ የብስኩት ካርቶን አሁንም ላብራቶሪው ጥግ ላይ ነው ያለው፣ እሱን አየት አርጎ እሺ አለ። ምዝገባው ሲዘጋ 11 ሰው አመልክቷል፣ ሶስቱ ፒኤችዲ ናቸው፣ ከሶስቱ ግን ደብዳቤውን ማምጣት የቻለው አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ተማርንበት ባሉት ቦታ እንዲህ አይነት ደብዳቤ አንሰጥም ተብለዋል።

የደወለችልኝ ልጅ ዲፌንሷ የካቲት ላይ ነው። የላብ ቁልፍ አስረክባ ክሊራንስ ከመጨረሷ በፊት ደብዳቤውን እንድትጠይቅ ነግሬያት ነበር፣ ሄዳ ጠየቀች፣ ፎርም የለንም አሏት። ትላንት ማታ ምን ምን መያዝ እንዳለበት አንድ ገጽ ረቂቅ ጽፌ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ዛሬ አማካሪዋ ጋ ይዛው ትገባለች። ሌላም የሚፈልገው ካለ በእናንተ በኩል ይጠይቀኝ፣ እልክለታለሁ።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ብርሃን